ጀርባውን ሰጥቶ የመጣ ሰው

ባለፈው ሳምንት ዮናስ ስልኩን ይዞ ቤቴ መጣ። እዚሁ አቦከር ሰፈር፣ ከእኔ በር ዝቅ ብሎ የኮምፒዩተር ሱቅ ያለው ወጣት ነው። ሰዎች በየሣጥኑ ያኖሩትን አሮጌ የቤተሰብ ፊልም እየሰበሰበ ወደ ኮምፒዩተር ያስገባል። ፊልሞቹ እንደ ባለቤቶቻቸው አርጅተው ገና ሲነኳቸው ይበጠሳሉ፤ ስለዚህ መቀጠያ ሊገዛ አስቧል። "እትዬ ጥሩ፣ የትኛው ይሻለኛል?" ብሎ ሁለት ፎቶ አሳየኝ።

መነጽሬን አድርጌ አየሁ። አንደኛው ተቆርጦና ተበስቶ የተዘጋጀ ፕላስተር የሚለጠፍበት ነው። ሁለተኛው ጥቅል ፕላስተር ጎርሶ ራሱ የሚቆርጥ፣ ራሱ የሚበሳ ነው። የመጀመሪያው ለጀማሪ እንደሚቀል፣ ግን የተዘጋጀው ፕላስተር ያለቀ ቀን ዕቃው ከንቱ ብረት ሆኖ እንደሚቀር ነገርኩት። ሁለተኛውን ግዛ፣ ጥርሱን ግን በደንብ አይተህ ግዛ አልኩት፤ ጥርሱ የደነዘ መቀጠያ ቀዳዳውን በግማሽ በስቶ ይተወውና ፊልሙ ፕሮጀክተር ውስጥ ይዘላል። ቀጥ አድርጎ የሚቆርጥ ይሁን፤ በሰያፍ የተቆረጠ በዚያ ጠባብ ፊልም ላይ ጠባሳው ያስጠላል። በሁለቱም ፊት ለጥፍ፣ ከዚያ ከሥሩ ያለው አየር ወጥቶ እስኪያልቅ በአውራ ጣትህ ጥፍር እሸው አልኩት። አንዴ ከተጠየቅሁ ማቆሚያ የለኝም።

ዮናስ ሁሉንም ስልኩ ላይ ጻፈ። ሊሄድ ሲነሳ፣ "ተሳስቼ ብቀጥለውስ?" አለኝ።

"ትልጠዋለሃ። ሙጫ አይደለም፤ አንድም ምስል ሳይጎድል ይላጣል" አልኩት።

ይህን ስል አንድ የድሮ ፊልም ትዝ አለኝ። ዮናስ ከሄደ በኋላ የጎረቤት ልጅ መጥታ መብራት እስክታበራልኝ ድረስ ከወንበሬ አልተነሳሁም።

አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ከጀጎል ግንብ ውጭ፣ ሸዋ በር አጠገብ፣ ጋሽ ወርቁ የሚባሉ ሰው ፎቶ ቤት ውስጥ እሠራ ነበር። ከጉርድ ፎቶ ሌላ የቤት ፊልም እንቀጥላለን። በዚያን ጊዜ ነጋዴዎቹ ከኤደንና ከጅቡቲ ትንንሽ የፊልም ካሜራ ያመጡ ነበር። የፊልሙ ስፋት ከትንሿ ጣቴ ጥፍር አይበልጥም፣ አንዱ ጥቅል ከሦስት ደቂቃ ብዙም አያልፍም። ሰዎች አምስት ስድስቱን ያመጡና አንድ አድርጉልን ይላሉ።

ጋሽ ወርቁ የሙጫ ሰው ነበሩ። የፊልሙን ጫፍ ይፍቃሉ፣ ሙጫ ይቀባሉ፣ ተጭነው ይይዙና እስኪደርቅ ድረስ ስለ ጉበታቸው ያወራሉ። በፕላስተር የሚሠራውን መቀጠያ ጅቡቲ ያለ ዘመዳቸው ሲልክላቸው ፊታቸውን አጨፈገጉ። "ሙጫ እምቢ ማለት ያውቃል፤ በተሳሳተው ፊት ብታደርጊው አይዝልሽም" አሉኝ። "ይሄ ግን ምንም አይጠይቅሽም። ያገኘውን ካገኘው ጋር ያጣብቃል።" እኔ ወደድኩት። አይሸትም፣ ምስል አይበላም፣ ቶሎ ያልቃል። በዚያ ዕድሜዬ ቶሎ የሚያልቅ ሥራ ሁሉ ጥሩ ሥራ ይመስለኝ ነበር።

ክረምቱ ሊወጣ ሲል፣ ዝናቡ ከሰዓት በኋላ ብቻ ብቅ እያለ በሚሄድበት ሰሞን፣ ሰሚራ ፎቶ ቤት መጣች። የትምህርት ቤት ጓደኛዬ ናት፤ ትምህርቷን አቋርጣ ጀጎል ውስጥ ለሚኖር ኢልያስ ለሚባል የነጋዴ ልጅ ተዳረች። ኢልያስ ሳቂታ፣ ካሜራ ከእጁ የማይጠፋ ልጅ ነበር። ከተጋቡ ስድስት ወር ሳይሞላቸው ዕቃ ጭኖ ወደ ጅጅጋ ሄደ። ከጅጅጋ ወዲያ ደረቅ ወንዝ ሲሻገሩ ድንገተኛ ጎርፍ መኪናዋን ወሰዳት። የሾፌሩ አስከሬን ተገኘ፣ የኢልያስ አልተገኘም።

ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት አልፏል። ሰሚራ በአማቷ ቤት ሚስትም ሳትሆን መበለትም ሳትሆን ተቀምጣለች። የቤተሰቡ ሽማግሌዎች ሰላተል ጋኢብ፣ ማለት አስከሬኑ ለሌለ ሰው የሚሰገደው ሰላት፣ ይሰገድበት ካሉ ቆይተዋል። ከተሰገደ ሰሚራ የባሏን ሐዘን አራት ወር ከአሥር ቀን ተቀምጣ ሌላ ለማግባት ነጻ ትወጣለች። እናቱ ግን እምቢ አሉ፤ እናት እምቢ ካለች ደግሞ ማንም ደፍሮ አይሰግድም። ሐረሪዎች እናትን "አይ" ይላሉ፤ እኔም እንደ ሰፈሩ አይ መርየም እላቸው ነበር። በመጨረሻ አይ መርየም አንድ ነገር ጠየቁ። ልጃቸውን በፊልም አንድ ጊዜ ይዩት፣ ከዚያ ይሰገድበት።

ሰሚራ አምስት ጥቅል ፊልም በብስኩት ቆርቆሮ፣ የተቆላ የባቢሌ ለውዝ ደግሞ በወረቀት ጠቅልላ ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠች።

"ጥሩዬ፣ አሳምሪልኝ። ከጁምዓ በፊት ይድረስልኝ" አለችኝ። "ወላሂ ከዚህ በላይ መጠበቅ አልችልም።"

ጋሽ ወርቁ ለዕቃ ድሬዳዋ ወርደዋል። ፊልም እየዞረ የሚታይበት ትንሹ መሣሪያችን አምፖሉ ተቃጥሏል። ስለዚህ ፊልሙን በመስኮት ብርሃን ላይ ዘርግቼ በአጉሊ መነጽር ምስል በምስል አየሁት። አራቱ ደህና ናቸው። አምስተኛው ጫፉ ላይ ተዘቅዝቆ የተነሣ ቁራጭ ነበረው። የቤቱ ግንብ ወደ ታች ተንጠልጥሏል፣ ሰማዩ ከሰዎቹ እግር በታች ነው። ኢልያስ እዚያ ውስጥ አለ። ለሐዘንተኛ እናት ልጇን በአፍጢሙ ተደፍቶ አላሳያትም አልኩ። ቁራጩን ቆረጥኩት። በዚህ ፊልም ላይ ቀዳዳው በአንድ ጎን ብቻ ስለሆነ እንደፈለጉ አይገለበጥም፤ ጫፉን ወደ መነሻው፣ ፊቱን ወደ ጀርባው ሳዞረው ግን ቀዳዳዎቹ መቀጠያው ጥርስ ላይ ልክ ገቡ፣ ሰዎቹም ቀጥ ብለው ቆሙ። በሁለቱም ፊት ለጠፍኩ፣ በጥፍሬ አሸሁ። በእጄ ኮራሁ። ለውዙንም እየበላሁ ጨረስኩት።

ሐሙስ ከሰዓት፣ የዐስር ሰላት ካለቀ በኋላ፣ ፕሮጀክተሩን በተሸካሚ አስይዤ ወደ ጀጎል ገባሁ። መኪና ግርግር በሚባለው ሰፈር ልብስ ሰፊዎቹ እንደ ሁልጊዜው መንገዱ ዳር ተደርድረው የስፌት መኪናቸውን ይረግጣሉ፤ ዝናብ የጠጣው ግንብ ኖራ ኖራ ይሸታል። የእነ ኢልያስ ቤት ውስጥ በሩ ሲዘጋ በቀን ይጨልማል። ሰሃኖቹ ከተሰቀሉበት ግድግዳ ላይ ነጭ አንሶላ ወጥረዋል። የቤተሰቡ ሴቶች ከፍ ባለው ቀይ መደብ ላይ፣ አይ መርየም ከፊታቸው፣ ሰሚራ ከጎናቸው፣ የኢልያስ እህት ኢክራም እግራቸው ሥር ተቀምጠዋል። ኢክራም አሥር ዓመቷ ነው።

አራቱ ጥቅሎች በሰላም አለፉ። ሠርጉ ታየ፣ ኢልያስ በግ ተሸክሞ ሲሮጥ ታየ፣ አንዳንዱ ሴት ሳቀ፣ አንዳንዱ አለቀሰ። አይ መርየም መቁጠሪያቸውን፣ ሙስበሃቸውን፣ በጣታቸው እየቆጠሩ ያያሉ። ከዚያ የእኔ ቅጥል ፕሮጀክተሩ ውስጥ ሲያልፍ ጠቅ አለ። ምስሉም ደበዘዘ። ሌንሱን አዞርኩና አጠራሁት። ፊልሙ ፊቱ ሲዞር እንዲህ እንደሚደበዝዝ ኋላ ነው የተማርኩት።

አንሶላው ላይ የዚያው ቤት ግቢ መጣ፣ ግን ሁሉ ነገር ቦታው የተለየ ነው። ከቀኝ የነበረው ደረጃ ከግራ ሆኗል። ኢልያስ ከውጭ በጀርባው ገብቶ በሩ ላይ ቆመ፣ ፊቱን ወደ እኛ አድርጎ ግራ እጁን አየር ላይ አዟዟረ። ከዚያ ዞረና ጀርባውን ሰጥቶን ወደ እኛ መምጣት ጀመረ። አያደናቅፈውም፣ ዞር ብሎ አያይም። ግራ እጁ ውስጥ የሳምቡሳ ቁራጭ አለች። ወደ አፉ ያስጠጋታል፣ ከአፉ ሲያርቃት ትልቅ ትሆናለች። ደግሞ ያስጠጋታል፣ ደግሞ ታድጋለች። እየቀረበ እየቀረበ መጣና ማጅራቱ አንሶላውን ሊሞላው ሲል ዞር ብሎ ሙሉዋን ሳምቡሳ ከምስሉ ጫፍ በተዘረጋች የሴት እጅ ላይ አስቀመጠ። ያቺ እጅ የአይ መርየም ናት፤ ቀለበቱ አሁንም ጣታቸው ላይ አለ። ፊልሙ አለቀና ነጭ ብርሃን ብቻ ቀረ።

"በግራው ይበላል" አለች አንዷ። "አዑዙ ቢላህ" አለች ሌላዋ። በግራ እጁ የሚበላው ማን እንደሆነ እዚያ ቤት ያለ ሕፃን ሁሉ ያውቃል፤ ሸይጣን ነው።

እኔ ገባኝ። ያኔውኑ፣ ፕሮጀክተሩ ሳይቀዘቅዝ ገባኝ። ተዘቅዝቆ የተነሣ ፊልም እንዲያ ሲገለበጥ ሰዎቹ ቀና ይላሉ፣ ግን ቀኝ ግራ ይሆናል፣ መጨረሻውም መጀመሪያ። ያየነው ኢልያስ ከቤት ሲወጣ ነው፤ እኔ ነኝ ወደ ኋላ የመለስኩት። አፌን ልከፍት ስል አይ መርየምን አየኋቸው።

"መጣ" አሉ። በለሆሳስ ነው ያሉት። "የሰጠሁትን መልሶ እጄ ላይ አኖረልኝ። የሞተ ሰው አይመልስም። ልጄ አለ።"

ፊታቸው ላይ የነበረውን ነገር ለመግለጽ ሃምሳ ዓመት ሞክሬ አልሆነልኝም። ደስታ ብቻ አልነበረም። እሱን ማጥፋት ፈራሁ፤ ልዋሽ አልችልም፣ መባረርንም ፈርቻለሁ። ዕቃዬን ሰብስቤ ወጣሁ። ሰሚራ እስከ በሩ ሸኘችኝ።

ጁምዓ መጣና አለፈ፤ አልተሰገደም።

ቅዳሜ ረፋዱ ላይ ሰሚራ ፎቶ ቤት ገብታ ወንበር ላይ ዘፍ አለች። "የግቢው በር እንዳይዘጋ አዘዋል" አለችኝ። "ለምን ስላቸው፣ ጀርባውን ሰጥቶ ነው የሚመጣው፣ በሩን ማየት አይችልም፣ ተዘግቶ ካገኘው ይመለሳል አሉኝ።"

"ማታም?"

"ማታም። ሐሙስ ለሊት ጅብ ግቢው መሀል ድረስ ገባ። ዱካውን ጠዋት ያየችው ኢክራም ናት። ልጅ የሚተኛበት ቤት ነው፣ ጥሩዬ። የኢልያስን ድርሻ ከማዕዱ በግራ በኩል ያስቀምጣሉ። ባለፈበት አገር እንደዚያ አስተምረውት ይሆናል ይላሉ። ማንም እንዲነካው አይፈቅዱም።"

ከዚያ ሁለት እጇን ጠረጴዛው ላይ ዘረጋች። ሂናው ገና ትኩስ፣ ቀይ ነበር። ባሏ መንገድ ላይ ያለ ሴት ተሰናድታ ትጠብቅ ብለው አይ መርየም በእጃቸው ቀብተዋታል። በዚያ እጅ ዕንባዋን መጥረግ አልፈለገችም፤ ዝም ብላ አወረደችው።

የዚያን ጊዜ ነገርኳት። ስለ ተዘቀዘቀው ቁራጭ፣ ስለ መቀጠያው፣ ሐሙስ ዕለት አውቄ ዝም ስለማለቴ። ትጮህብኛለች ብዬ ነበር። እሷ ግን፣ "ለእሳቸው ትነግሪያቸዋለሽ?" አለች። "እኔ ብነግራቸው ልታገባ ፈልጋ ነው ይላሉ።"

እሑድ ከሰዓት መቀጠያውን በነጠላዬ ጠቅልዬ፣ ፕሮጀክተሩንና ፊልሙን ደግሞ አስይዤ ሄድኩ። የግቢው በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። አይ መርየም ፊታቸውን ወደ በሩ አዙረው ምንጣፍ ላይ ተቀምጠዋል። ከፊታቸው ተንበርክኬ ሁሉንም ነገርኳቸው። ሰሙኝ፣ ግን ያመኑኝ አልመሰለኝም።

"አሳዪኝ" አሉ።

ፊልሙን መቀጠያው ላይ አኖርኩና የፕላስተሩን ጠርዝ በጥፍሬ ጫፍ ፈልጌ አነሳሁት። በዝግታ ነው የሚላጠው፤ ከተቻኮሉ ፊልሙ ይቀደዳል። አይ መርየም ጎንበስ ብለው እጄን ብቻ ያያሉ።

"ያመዋል?" አሉኝ።

"አያመውም፣ አይ መርየም። ምንም አልጎደለበትም።"

ቁራጩን ወደ ነበረበት መለስኩት፤ ፊቱን ወደ ፊቱ፣ ጫፉን ወደ ጫፉ። በአዲስ ፕላስተር ቀጠልኩት። የቤቱ በር ተዘጋና ፕሮጀክተሩን አስነሳሁ። አንሶላው ላይ ኢልያስ ተዘቅዝቆ፣ ሰማይን ረግጦ ታየ። ሳምቡሳውን ከእናቱ እጅ ተቀበለ፣ ጀርባውን ሰጠን፣ እየበላ ራቀ። በሩ ላይ ሲደርስ ዞሮ እጁን አዟዟረና ወጣ። ከወጣ በኋላ ባዶው በር ትንሽ ቆየ።

"እኔ ነኝ ያነሳሁት" አለች ኢክራም። ከሦስት ዓመት በፊት ሰባት ዓመቷ ነበር። "ካሜራውን ዘቅዝቄ ይዤ ነበር። ሲወጣ፣ አዙሪው፣ አዙሪው እያለኝ ነው። እኔ መሰናበቱ መስሎኝ ነበር። ትቆጡኛላችሁ ብዬ ነው ያልተናገርኩት።"

ማንም አልተቆጣትም። አይ መርየም፣ "ከመጀመሪያው መልሰሽ አሳዪኝ" አሉኝ። ፊልሙን መልሼ ሳሰናዳ ተነሱና ቀዩ መደብ ላይ በጀርባቸው ተጋደሙ፤ ራሳቸውን ወደ አንሶላው አደረጉና አንገታቸውን ከመደቡ ጠርዝ ወደ ታች ለቀቁት። ሻሻቸው ወለሉን ነካ። ሰሚራ ልትደግፋቸው ብድግ ብላ መሀል መንገድ ላይ ቆመች፤ ሊገነዝ የተዘረጋ ሰው ይመስሉ ነበር። እንደዚያ ሆነው፣ ዓለሙ ሁሉ ተገልብጦላቸው፣ ልጃቸውን ቀጥ ብሎ ሲሄድ አዩት። ትንፋሻቸው ይሰማል።

"በቀኙ ነው የሚበላው" አሉ። ከዚያ በሩ ባዶ ሲሆን፣ "ሄደ" አሉ።

እስኪነሱ ድረስ ማንም አልተንቀሳቀሰም። ተነስተው ሻሻቸውን አስተካከሉና፣ "ኢክራም፣ የግቢውን በር ዝጊ" አሉ። በሚቀጥለው ጁምዓ ተሰገደበት።

ሰሚራ አራት ወር ከአሥር ቀኗን ተቀመጠች፣ ከዚያ ድሬ ጠያራ በሚባለው ገጠር እርሻ ያለው ደግ ሰው አገባች፣ አራት ልጆች ወለደች። አይ መርየም በሞቱ ጊዜ ከልጆቻቸው እኩል አለቀሰች። ይህን ታሪክ ባሰብኩት ቁጥር ጥፋቴን በጊዜ ያረምኩ፣ ጓደኛዬንም ነጻ ያወጣሁ አድርጌ ነበር ለራሴ የምነግረው። እውነቴን ነው፣ እንደዚያ ባላስበው ኖሮ ሥራውን እተወው ነበር።

ትናንት ሰሚራ ልትጠይቀኝ መጣች። አሁን ጉልበቷን ስለሚያማት በልጅ ልጇ ባጃጅ ነው የምትመጣው። ስለ ዮናስ ነገርኳት፣ ስለ መቀጠያዎቹም አወራሁላት፤ ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም።

"ያኔ ያልነገርኩሽ ነገር አለ" አለችኝ። "ጅቡ ከገባ በኋላ፣ አርብና ቅዳሜ ለሊት፣ አይ መርየም እንቅልፍ ሲወስዳቸው እየተነሳሁ በሩን እዘጋው ነበር። ሳይነጋ ደግሞ እከፍተዋለሁ።"

"ደግ አደረግሽ። ልጅ ነበረች እዚያ ቤት" አልኳት።

"ቅዳሜ ለሊት ከውጭ አንድ ነገር በሩን ተደገፈው። አልገፋም፣ አላንኳኳም። ጀርባ ሲደገፍ እንዴት እንደሚል ታውቂያለሽ? እንደሱ ነው። ትንሽ ቆየና ሄደ።"

ጅብ ነው አልኳት። ጅብ ግንብና በር ላይ እንደሚታከክ እዚህ አገር የማያውቅ የለም አልኳት። ፊልሙንም እንደገና አስረዳኋት፤ ስለ ቀዳዳዎቹ፣ ስለ ፊትና ጀርባው፣ ኢልያስ ሲወጣ እንጂ ሲገባ እንዳልነበር፣ የመለስኩት እኔ እንደሆንኩ። ዕድሜ ልኬን የማውቀው ሥራ ስለሆነ አንድም ነገር አልዘለልኩም። ሰሚራ እስክጨርስ ድረስ በትዕግሥት አዳመጠችኝ።

"አውቃለሁ፣ ጥሩዬ" አለች። "እኔ ግን ያን ለሊት ማነህ አላልኩም። እሱ ቢሆንስ ብዬ ነው የፈራሁት። እንዳይከፈት የበሩን መወርወሪያ በሁለት እጄ ይዤ ቆምኩ።"

የልጅ ልጇ ውጭ ጡሩምባ ነፋላት። ከሸኘኋት በኋላ የራሴን በር ቆለፍኩና፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ ከበሩ ኋላ ቆሜ አዳመጥኩ።